ማስተካከያ፦ ከባሕር ዳር ስሜን ተራሮች በአንድ ቀን?

ለበዓል ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ባወጣነው የጉዞ ዕቅድ «ከባሕር ዳር በማለዳ ተነስቶ ማታ ጨነቅ (ስሜን ተራሮች ላይ ያለ የተጓዦች ማደሪያ ካምፕ) ማደር ይቻላል» ብለን ነበር። ስሕተት ነው፤ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል እናርመዋለን። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ችግሩ ከፍታው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨነቅ ግን 3,600 ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ይህን ያህል ወጥቶ የሚያድር ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊይዘው ይችላል፤ ሲከፋ ሳንባ ወይም አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ ደባርቅ፣ ከዚያ ተራሮቹ ላይ ካለው ከሳንቃበር ካምፕ፣ በመጨረሻ ጨነቅ እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ሕመም የተሰማው ሰው ወደ ላይ አይቀጥል፤ ከባሰበት ንጋትን ሳይጠብቅ ይውረድ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ በዕለቱ ጠይቁ።

«ማንኛውም የጉዞ ኢንሹራንስ ይበቃል» ማለታችንም ልክ አልነበረም። ብዙ ውሎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሚደርስን ሕመም አይሸፍኑም፤ ገደቡን «የማይሸፈኑ» ከሚለው ክፍል ፈልጉ። በሽተኛን በአውሮፕላን ማንሳት ለብቻው መጻፉንም እዩ። አስቀድሞ ለኩባንያው ካልተደወለ ወጪው ላይመለስ ይችላል። ክሊኒክ ከፍላችሁ ከታከማችሁ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝና የሐኪም ማስረጃ ያዙ።

«ባሕር ዳር ወባ አያሰጋም» የሚለውም ይሰረዝ። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሰጋል። ወባን ለመከላከል ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከመምጣቱ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከተመለሰ በኋላም ለ4 ሳምንት በየቀኑ መዋጥ አለበት።