ሲጻፍ ያንተ፣ ሲወደድ የጋራ

የዘፈን ግጥም እንደምትጽፍ ሰው ከሰማ አለቀልህ። መጀመሪያ የሚመጣው ባለታሪኩ ነው። «የኔ ሕይወት እኮ ራሱን የቻለ አልበም ይወጣዋል» ይልህና ቁጭ ብሎ ያወራልሃል። ሰምተህ ሰምተህ መጨረሻ ላይ የምታገኘው ሰውዬው ያበደረው ገንዘብ እንዳልተመለሰለት ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፍቅረኛው ጥላው የሄደችው ነው። እሱ የሚፈልገው ግጥም ስሟ የማይጠራበት ነው። ግን እሷም፣ እናቷም፣ አዲሱ ሰውዬዋም ማን እንደተሰደበ በደንብ ሊገባቸው ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም አይፈልግም፤ ሊያጽናናህ ነው የመጣው። «ምን አላት ወንድሜ? አራት መስመር አይደለች እንዴ? ሻይ እየጠጣህ ትጨርሳታለህ!»

ይህ ሦስተኛው ሰው የሚያበሳጨው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ሦስቱ መስመር እውነትም ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይመጣል። የምትገድለው አራተኛዋ ናት።

«ዓይኔ» ብለህ ጀመርክ እንበል። ጥሩ ጅምር ነው። «ጎኔ» አለልህ፣ «ዘመኔ» አለልህ። ከዚያ ቤት የሚመታ ቃል ይጠፋል። ትጨነቅና ልጅቷን ያለ ጥፋቷ «ሰመመኔ» ትላታለህ። ጨክኖ «ሳሎኔ» የሚላትም አይጠፋም። «ልቤ» ብሎ የጀመረማ አይነሳ፤ «ሐሳቤ» የምትለዋን ሰሚው ከዘፋኙ ቀድሞ ይጨርስለታል። ነገሩ የገባቸው ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ቃል መጀመሪያ ይመርጣሉ። ሊሉት የፈለጉትን ከባድ ነገር እዚያ ያስቀምጡና መስመሩን ወደ ኋላ ይሠሩታል። ከመጀመሪያው ቃል ተነስቶ የሚጽፍ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን ቃል ተቀብሎ መኖር ነው።

ዜማው ከቀደመ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዜማው ሰባት ቀለም (የቃል ድምፅ ቁራጭ) ይፈልጋል፣ አንተ የጻፍከው ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ከፍቅርህ ላይ ሁለት ቀለም ትቀንሳለህ። አንተ ካልቀነስክ ዘፋኙ ይቀንስልሃል። እሱ ሲቀንስ ደግሞ የሚዋጠው ግሱ ነው። አድማጭ ማን ማንን እንደከዳ ሳያውቅ ያለቅሳል።

ቃል እምቢ ሲል ዜማውን ጥሎ መሄድ አያስፈልግም። የቢትልስ ባንዱ ፖል ማካርትኒ አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ አንድ ዜማ ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ግጥም የለውም። እንዳይጠፋበት «እንቁላል ፍርፍር» እያለ ይዘፍነው ጀመር። በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዘፈኑ ሲወጣ እንቁላሉ ተነስቶ ትካዜ ገባበት። ዛሬ ሌሎች ዘፋኞች ደጋግመው ከተጫወቷቸው የዓለም ዘፈኖች አንዱ ነው። ማካርትኒ ሌላም ያደረገው ነገር አለ። እንዲህ በቀላሉ የመጣ ዜማ የሰው እንዳይሆን ፈርቶ፣ «ይቺን ታውቃታለህ?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ።

የባንዱን ጓደኛ ጆርጅ ሃሪሰንን ግን የጠየቀው ፍርድ ቤት ነው። በ1976 አንድ የአሜሪካ ዳኛ ሃሪሰን የሰው ዘፈን ሳይታወቀው ገልብጧል ብለው ፈረዱ። ሳይታወቅህም ሌባ መሆን ትችላለህ ማለት ነው። የካሳው ጉዳይ ገና ሳይቋጭ ደግሞ የሃሪሰን የቀድሞ ማናጀር አለን ክላይን የዚያኛውን ዘፈን መብት በ587 ሺህ ዶላር ገዛና ከሳሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ጉዳዩን ከሃሪሰን ጎን ሆኖ ሲያውቀው የነበረ ሰው ነው እኮ! ዳኛው በ1981 ከገዛህበት በላይ አታተርፍም አሉት።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ዘፈኑ ሲወደድ ነው። እስካልተወደደ ድረስ ማንም አይከስህም፣ ማንም አብሮህ አልጻፈም። አዝማቹ እምቢ ብሎህ ሌሊት ስትንጎራደድ ብቻህን ነህ። የተወደደ ዕለት ነው ጸሐፊው የሚበዛው። አቀናባሪው «መግቢያዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ» ይላል። ዘፋኙ «‹ወይኔ› የምትለዋን የጨመርኩት እኔ» ይላል። የዘፋኙ ወንድም ደግሞ ስቱዲዮ ያደረሳችሁ በማን መኪና እንደሆነ ያስታውሳችኋል። በሙያው ሰዎች ዘንድ የቆየች ቀልድ አለች፦ አንድ ቃል ቀይር፣ ሲሶ ውሰድ።

ለነገሩ አቀናባሪው አንዳንዴ ልክ ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ የሚያፏጨው መግቢያዋን ከሆነ መግቢያዋም ዜማ ናት፤ ድርሻ ይገባዋል። የመኪናው ባለቤት ግን የነዳጅ ይሰጠው።

ትልቅ ስም ያለው ሰው ድርሻ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል። ኤልቪስ ፕሪስሊ የዶሊ ፓርተንን ዘፈን ሊቀዳ ፈለገ። ለአንድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን አለ? ማናጀሩ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ግን ቀረጻው ሲደርስ የአሳታሚነቱን መብት (ከግጥምና ዜማው የሚገኘው ገቢ የሚሰበሰብበትን) ግማሽ ስጪን አለ። ዶሊ አለቀሰች፣ ግን አልሰጠችም። ቀረጻው ቀረ። ያን ጊዜ በዙሪያዋ የነበረ ሰው «ምነው ይቺ ልጅ፣ እድሏን በእግሯ ረገጠች» ሳይላት የቀረ አይመስለኝም። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን ለፊልም ስትዘፍነው ዓለም አበደ። ድምፁ የዊትኒ፣ ግጥምና ዜማው የዶሊ።

ጀማሪ ጸሐፊ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ግጥምና ዜማው አንድ ንብረት ነው። ስቱዲዮ ገብቶ የተቀዳው ድምፅ ሌላ ንብረት ነው። አንድ ዘፈን አሥር ዘፋኝ ቢቀዳው ቅጂው አሥር ይሆናል፣ ግጥምና ዜማው ግን ያው አንድ ነው፤ በአሥሩም ይከፈልበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ወፈር ያለ ገንዘብ አሳይቶህ «ሁሉንም መብት አስተላልፌያለሁ» የሚል ወረቀት ሲያቀርብልህ «ሁሉንም» የምትለዋን ቃል ከራስህ ስንኝ በላይ ደጋግመህ አንብባት።

ገንዘብ የማያሳይህም አለ። «አሁን ባጀት የለንም፣ ግን ፕሮሞሽን ይሆንሃል» የሚልህ። ስምህ ይታወቃል ይልሃል። ዘፈኑ ሲወጣ ግጥም በሚለው ቦታ ላይ የአባትህ ስም ተሳስቶ ይጻፋል፣ ያውም ከተጻፈ። በ1847 ፓሪስ ውስጥ ኧርነስት ቡርዤ የሚባል ጸሐፊ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ካፌ ገባ። ኦርኬስትራው የእነሱኑ ሥራ ይጫወታል። ቡርዤ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃውን ጠጣና ሂሳብ አልከፍልም አለ። እነሱ በሥራዬ በነፃ ከተጠቀሙ እኔም በመጠጣቸው በነፃ ልጠቀም ነው ነገሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ቡርዤ ረታ። በ1851 ሳሴም የሚባለው የደራሲዎችና የሙዚቀኞች ክፍያ ሰብሳቢ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ይህን ዘዴ መሞከር የሚፈልግ ካለ ግን ለሂሳቡ የሚሆን በኪሱ ይያዝ። ማኅበር ባለበት አገር ደግሞ ሥራህን አስመዝግብ። ያላስመዘገብከውን ዘፈን ገንዘብ ማን ያድርስልህ?

የቀረው የወረቀቷ ነገር ነው። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ዘፈን ሠራ እንበል። ለየብቻ ጠርተህ «ድርሻህ ስንት ይሁን?» በላቸው። ሁሉም ትሕትና በተሞላበት ድምፅ «እኔ እንኳ አርባ በመቶ ቢሰጠኝ ይበቃኛል» ይሉሃል። ድምሩ 160 ነው። መቶ እስኪመጣ መነታረክ ያለባችሁ ያን ዕለት፣ ዘፈኑ ገና አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ነው። ስም፣ በመቶኛ፣ ቀን፣ ፊርማ። አንድ ገጽ ትበቃለች።

ወረቀቷን ስታወጣ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። «እንዴ! በእኔና በአንተ መሃል ወረቀት?» ይላል ከሁሉ በላይ የሚወድህ። «አታምነንም ማለት ነው?» አፍረህ ትመልሳታለህ። ዘፈኑ በወጣ በዓመቱ ያው ሰው ከነጠበቃው ይመጣል፤ ምስክርም አለኝ ይላል። ምስክሩ ያን ዕለት ሶፋው ላይ ተኝቶ የነበረው ጊታሪስት ነው። እሱም ባዶ እጁን አልመጣም። ዘፈኑ ሲጀምር የምትሰማዋ ሳል የእሱ ናት።