«ቤቶች!» የማይል እንግዳ

ያለፈው ጥር፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ግቢያችን ፀሐይ እየሞቅን አቦል ሊቀዳ ነበር። አክስቴ ጀበናውን ገና ከማዘንበሏ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ፤ ንብ አይሉት ወፍጮ። ባሕር ዛፉን አልፎ ከራሳችን በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ዝቅ አለ። የምድጃው አመድ ብድግ ብሎ ሲኒው ውስጥ ገባ፣ ፈንዲሻው ቄጠማው ላይ ተበተነ። አክስቴ «በስመአብ!» አለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ «አዑዙ ቢላሂ!» አሉ። ሰይጣን ቢሆን በአንዱ ይሸሽ ነበር። ይሄ ግን በሁለት ሃይማኖት ተገሥጾም ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑን አክስቴ ላይ ተክሎ ይቀርጻል። ለካ ከእኛ ሦስተኛው ቤት ሠርግ ኖሯል፣ የሠርጉ ድሮን ነው።

ሠርግ ይቀረጽ፣ አልጠላም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በእኛ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ሰው በራፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ይህች ቃል ስንት ሥራ እንዳላት የሚያውቅ ያውቃል። ውሻ ይታሰራል፣ ነጠላ ይደረባል፣ የተኮራረፈ ባልና ሚስት ፊቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ «ደጆች! ማነው? ግባ!» ይባላል። ሌባ እንኳ ቢያንስ በአጥር በኩል ነው የሚመጣው። በላይ የመጣን በየት በኩል ውጣ ይሉታል?

ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ተረት አለ፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» የምወደው ከሳሹ አፉን ሲዘጋ እንኳ ንጉሡን ከማይታረስ መሬት ጎን ስለሚያቆመው ነው፤ ምርቃት ይመስላል፣ ሲያላምጡት ይመራል። ደሴ ደግሞ ከሰማይ ጋር የቆየ ጉዳይ ያላት ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ጅራታም ኮከብ አይተው ቢደሰቱ ነው «ደሴ» ያሏት ይባላል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ግን ከዚያው ሰማይ የጣሊያን ቦምብ ዘነበ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ላይ ተኮሱ። አንዱ ንጉሥ ሰማዩን መረቁ፣ አንዱ ተኮሱበት። አሁን ሰማዩ ታረሰ፤ ያውም በአንድ ሚዜ ሪሞት። ክሱ ብቻ እንደ ተረቱ ቀረ።

ለማን ልክሰስ? ኮምቦልቻ ላለ ድሮን ወዳድ ጓደኛዬ ደወልኩ። ከእኔ ብሶ ተናደደ። «እነዚህ ናቸው የሚያስነጥቁን!» ብሎ ጀመረ። በብዙ አገር ሕግ ከመሬት 120 ሜትር በላይ አይወጣም፣ ከዓይን አይርቅም፣ ከሕዝብ ራስ በላይ አይንዣበብም፣ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አይነሣም። እኛ ዘንድ ደግሞ ገና ሳይነሣ ፈቃድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞት ቦሌ የወረደ ጉምሩክ አስረክቦ ይወጣል። የእሱ 249 ግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚበረው 250 ከሞላ መመዝገብ ስላለበት፣ ፋብሪካው አንዲት ግራም ሸርፎ ከሕጉ አስመለጠው። የሰኞ ገበያ ባለ ሚዛን ይህን ቢሰማ እጅ ይነሣ ነበር።

«አንተስ መቼ ታበራለህ?» አልኩት።

«እኔማ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገቤ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ አቧራውን እጠርግለታለሁ።»

ኃላፊነት የሚሰማው አብራሪ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ስለ ደሴ ስጠይቀው ሳቀ። ሪሞቱ ላይ የሚነበበው ከፍታ ድሮኑ ከተነሣበት ቦታ የሚቆጠር ነው። ከጦሳ አናት አስነሥተው ከፍታውን ሳይለውጡ ታች ከተማው ውስጥ ወዳለው ፒያሳ ቢሰዱት ሪሞቱ ዜሮ እያለ መሬቱ በመቶዎች ሜትር ይሸሻል፤ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ቢሰዱት 100 እያለ ከገደሉ ጋር ይላተማል። የእኔ ደጃፍ የታችኛው ጎረቤቴ ጣሪያ በሆነበት ከተማ «ከመሬት» ሲባል ከማን መሬት ነው? አየሩም ስስ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ማራገቢያው ይበልጥ ይለፋል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ይህን ሁሉ አስተምሮኝ፣ ሕግ አፍራሹን ረግሞ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገና «ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ላክልኝ፣ ጦሳ በጥር እንዴት እንደሚያምር!» አለኝ።

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። በዚያች ረፋድ ከጎን ያሉት አዛውንት ድምፁን እንደሰሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። በ1914 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ድረስ መጥቷል። ድሮን የሚለው ቃል እዚህ አገር መጫወቻ ሆኖ አልገባም። ሙሽራዋ ከላይ ስትታይ ታምራለች ተብሎ ሽማግሌ ከፀሐዩ ላይ አይነሣም! ወዳጄም ይህን ያውቃል፤ ያውቃል እና ቪዲዮውን ይፈልጋል።

ደግሞ ከካሜራ ሰው ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስናልፍ አምስት ሆነን ፎቶ ተነሣን። ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ «አገጭ ቀና! አንተ ወደ ግራ!» እያለ አንገታችንን ሲያጣምም ውሎ፣ ከሳምንት በኋላ «ፊልሙ ተቃጥሏል» አለን። ፊልም መግባቱን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። አሥራ አምስት ብር! ያኔ በአሥራ አምስት ብር... ተዉት። የተዋስኩት ኮት ነበር፣ ለዚያች ፎቶ ብዬ።

ምን እያልኩ ነበር? ድሮኑ። አዎ፣ ቶናው ሊቀዳ ሲል ድምፁ እንደ ደከመ ሰው ተቆራረጠና ከቆርቆሯችን ላይ ዷ! አለ። ብዙም ሳይቆይ ከበራፍ አንድ ለስላሳ፣ የተቀጣ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች!»

«ደጆች! ግባ የኔ ልጅ፣ ቡና ደረስህ» አለች አክስቴ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቄጠማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ የአባቱን ፎቶ ቤት ነገረኝ፤ ያው የሚኒስትሪያችን ፎቶ ቤት። ዘር ከልጓም ይስባል። እኔው መሰላል አቁሜ ወጣሁ። አንድ ማራገቢያው ተሰብሮ ውሃ መውረጃው ላይ ተሰክቷል፤ አንሥቼ ሳቀብለው አክስቴ ሻሿን እያስተካከለች ጠጋ አለች።

«እስቲ አሳየኝ፣ ከላይ ሲያዩኝ ሽበቴ ይታያል?»

ልጁ ነካካው፣ ገለባበጠው፣ እፍ አለበት።

«እትዬ፣ ሚሞሪው ተበላሽቷል መሰለኝ።»