የቅቤና የቡታጋዝ ዝምድና

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ተምሬያለሁ የሚል ቅቤ ገዢ በአንድ ጥያቄ ይታወቃል። "እትዬ፣ ኬሚካል የለበትም አይደል?"

"ምን ኬሚካል አመጣብኝ! የላም ነው ልጄ።"

ላሟን ግን ማን ጠየቃት?

እኛ ሰፈር ስሙ ከበድ ያለ ነገር ሁሉ ወይ መርዝ ነው ወይ መድኃኒት። ስም አውጪዎቹ ግን እንዲህ የሚፈሩ ሰዎች አልነበሩም። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቅቤ ሲመረምር አንድ የሚሸት አሲድ አገኘ። ቅቤ በላቲን "ቡቲሩም" ነው፤ አሲዱን "ቡቲሪክ" ብሎት አረፈ። ሌሎችም አገኘ፤ እነሱ ደግሞ ፍየል ፍየል ሸተቱት። ፍየል "ካፕራ" ናትና "ካፕሮይክ" እና "ካፕሪክ" አላቸው። ሰውዬው የኖረው 102 ዓመት ነው። ቅቤ ማሽተት ዕድሜ ይጨምራል ብዬ ግን አልምልም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቡቲሪክ አሲድ አራት ካርቦን ስላለው፣ ኋላ የመጡት ኬሚስቶች ባለ አራት ካርቦኑን ጋዝ "ቡታን" አሉት። ከዚያ ቡታጋዝ መጣ። እንግዲህ ቡታጋዝ ላይ ቅቤ የምታነጥር እመቤት ዘመድን በዘመድ እያቃጠለች ነው። ጎረቤት ቢሰማ ሽማግሌ ይልክ ነበር።

አረቄ ቤት እንግባ። ጥግ የያዘው ባለ ዲግሪ "አረቄ" ማለት ያሳፍረዋል፤ "አልኮል ቀነስኩ" ይላል፣ መለኪያውን እያስሞላ። የጠራው ቃል የዓረብኛው "አል-ኩህል" ነው፤ ያው የእኛው ኩል። መጀመሪያ የደቀቀ የዓይን ዱቄት ነበር። አውሮፓውያን ተጣርቶ ለወጣ ነገር ሁሉ ሰጡት፤ በመጨረሻ ከወይን ጠጅ ለሚወጣው አስካሪ ፈሳሽ ቀረ። የቤቱ ባለቤት የተኳለችውና የምትቀዳው በስም እህትማማች ናቸው። አንዱ ዓይን ያሳምራል፣ ሌላው በዓይን የገባውን ሁሉ።

በመንዝ ብርድ ከበጎቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ላደረ እንግዳ ደግሞ ሌላ አለ። ሌሊቱን አፍንጫውን የሚሰረስረው ከበጎቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ነው። ስሙ የመጣው ግብጽ ሲዋ ላይ ቤተ መቅደስ ከነበረው ከአሞን ጣዖት ነው፤ በዚያ አካባቢ ከሚገኝ ጨው በኩል። ይህን የነፍስ አባታችን እንዳይሰሙ። ነገ ጧት በጎቹ በሙሉ ጠበል ይረጫሉ።