ምነው ጠፋሽ ላላችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት ጠዋት አሳ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወርጄ ሁሌ የሚሸጥልኝ ልጅ የቀረሶውን ቅርፊት እየፋቀ «እታለም ምነው፣ ፎቶ ማንሳት ተውሽ እንዴ? ወይስ የሆነ ነገር ሆነሽ ነው?» አለኝ፣ ካሜራዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ እያየው እኮ ነው። ደህና ነኝ ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። «አይ፣ ስልክ ላይ ስትጠፊብን ጊዜ ደንግጠን ነው» አለ። የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ደወለች፣ የሷም ጥያቄ ያው ነው፣ ፔዳ በር ላይ ያገኘኋት የድሮ ጎረቤቴም ያው፣ ምነው ጠፋሽ፣ ምን ሆንሽ፣ ማን አስቀየመሽ።

አልጠፋሁም። እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ፣ የወጣሁት ከአንድ የሶሻል ሚዲያ መድረክ ብቻ ነው። ግን ጥያቄው ራሱ ለምን እንደወጣሁ ይናገራል፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየኝ ያለ ሰው ስልኩ ላይ ስላልመጣሁ ብቻ የሌለሁ ከመሰለው ነገሩ ከአፕ አልፏል ማለት ነው።

ለስምንት ዓመት ስለ ጣና የሚያወራ ገጽ ነበረኝ። የመድረኩን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንዱ ብቻ አይደለም። ብዙም ነገር አልነበረውም፣ የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ በኩል ሲመጣ፣ ክረምት ላይ ውሃው ዳሩን ሲውጥ በጋ ላይ ሲሸሽ፣ እምቦጩ ሲስፋፋና ወጣቱ ተጠራርቶ ሊነቅል ሲወጣ፣ እሱን እያነሳሁ ሁለት ሦስት መስመር እጽፍበታለሁ። ከፎቶው ስር ግን ሰው ይሰበሰብ ነበር። በተለይ ጎርጎራ ያሉ አንድ አዛውንት አሉ፣ የእያንዳንዱን ዳር ስም ያውቃሉ፣ እኔ «የማይታወቅ ቦታ» ብዬ የለጠፍኩትን እሳቸው ይሄ እከሌ የሚባል ጥግ ነው፣ ድሮ እዚህ ጋ ታንኳ ይታሰር ነበር ብለው ይጽፉልኛል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው የት ድንጋይ ላይ እንደደረሰ ይነግሩኛል። ገጹን ገጽ ያደረጉት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዛ ስልኬ ባጃጅ ውስጥ ጠፋ። አዲስ ስልክ ገዝቼ ልገባ ስል አንቺ መሆንሽን አረጋግጪ አለኝ፣ ኮዱን የሚልከው ወደማልጠቀምበት የድሮ ቁጥር፣ መታወቂያ ላኪ አለኝ፣ የቀበሌ መታወቂያዬን ላክሁ፣ መልስ የለም፣ እንደገና ላክሁ፣ አይነበብም አለኝ፣ እንደገና ላክሁ። ሁለት ወር። የምትደውዪለት ሰው የለም፣ ባሕር ዳር ቀርቶ አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ የምታንኳኪው በር የለም። በነዛ ሁለት ወራት ያንገበገበኝ ግን ፎቶዎቹ አልነበሩም፣ ፎቶው ሃርድ ዲስክ ላይ አለኝ። ያንገበገበኝ የጎርጎራው አባት ናቸው። ስልካቸው የለኝም። ሙሉ ስማቸውን እንኳን በትክክል አላውቅም፣ ስምንት ዓመት አብረን ስናወራ አንድም ቀን የስልክ ቁጥር አልተለዋወጥንም፣ ምክንያቱም ሁሌ እዛው የሚኖሩ መስሎኝ ነበር። መቶ ምናምን ሰው እንደዛ ነው የጠፋብኝ፣ በአንድ የተቆለፈ በር።

በመጨረሻ ተከፈተልኝ። የወጣሁትም ሲከፈትልኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእያንዳንዱ ሰው በውስጥ መስመር እየጻፍኩ ስልክ ለቀምኩ፣ ከጎርጎራው አባት ጀምሬ፣ ከዛ የጻፍኩትን ሁሉ አውርጄ አካውንቱን ዘጋሁት። ሰዎቼን ይዤ መውጣት የማልችልበት ቤት ቤቴ አይደለም ብዬ ስለወሰንኩ ነው፣ ሌላ የተደበቀ ምክንያት የለም።

አሁን ያለሁት ማስቶዶን ላይ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ሌላ ፌስቡክ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ግን ለማስረዳት በእጃችን ካለ ነገር ልነሳ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ስራ ሲጀምር 07 የያዘ ሰው 09 ወዳለው እናቱ መደወል ባይችል ኖሮ ማን ሲም ይገዛ ነበር? ማንም። ሁለቱ ኩባንያዎች ተፎካካሪ ናቸው ግን መስመራቸው ይገናኛል፣ አንቺ የማን ደንበኛ እንደሆንሽ የምትደውዪለት ሰው ጉዳዩ አይደለም። ሶሻል ሚዲያ ላይ ግን እንዲህ ያለው ነገር የለም፣ እዛ ያለ ሰው እዚህ ያለውን ለማናገር ግድ እዚህ መጥቶ መመዝገብ አለበት፣ እኛም ይሄ ተፈጥሯዊ ነገር መስሎን ኖርን። ማስቶዶንን ኦይገን ሮችኮ የሚባል ጀርመን ያለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያወጣው፣ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን በነጻ ወስዶ በራሱ ሰርቨር (ገጹና መረጃው በሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ መትከል ይችላል፣ ሰርቨሮቹ ደግሞ አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ደንብ ይነጋገራሉ፣ ይሄ ደንብ የኢንተርኔት ድርን ደረጃዎች በሚያወጣው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀ ነው፣ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ፎቶ ላይ የሚያተኩረው ፒክስልፌድም በዚሁ ደንብ ስለሚሰራ እዛ የተለጠፈን ፎቶ ማስቶዶን ላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ። አንዱ ሰርቨር ካላማረሽ ወደሌላ ትሄጃለሽ፣ ተከታዮችሽ አብረውሽ ይሄዳሉ።

ይሄ የክፍትነት ነገር ለኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ድሮ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የሰራ ሰው ያስታውሳል፣ እኔም ሰርቻለሁ፣ ያኔ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደሉን የሚያስቀምጥበት የራሱ መንገድ ነበረው፣ አንዱ ጋ የተጻፈ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ሌላው ጋ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል፣ ሰውየው ቀጠሮው ነገ ነው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጽፊለታለሽ። ያን ያቆመው አንድ ኩባንያ ሌሎቹን ስላሸነፈ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ ደረጃ ውስጥ ስለገባ ነው፣ ዛሬ ከየትኛውም ስልክ «ሰላም» ብለሽ ብትጽፊ የትም ሰላም ሆኖ የሚነበበው በዛ ነው። ለፊደላችን ያገኘነውን ነገር ለወዳጆቻችን ለምን አንጠይቅም፣ ይሄን ነው የምለው።

ፊደል ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ትዊተር፣ አሁን ኤክስ የሚባለው፣ በነጻው አካውንት 280 ካራክተር ትጽፋለህ ይላል፣ ግን አቆጣጠሩ የላቲንን ፊደል አንድ የኛን ፊደል ሁለት ብሎ ነው፣ በአማርኛ የምትጽፊው 140 ነው ማለት ነው። ማስቶዶን ላይ መነሻው 500 ነው፣ አንድ ፊደል አንድ ፊደል ነው። አንድ ሀሳብ ጀምሬ ስጨርስ ቦታ ሲተርፈኝ መጀመሪያ ቀን ላይ ገርሞኝ ነበር።

ኤክስን ካነሳን፣ ኢሎን ማስክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፣ በዛው ዓመት ታህሳስ ላይ ተጠቃሚዎቹ የማስቶዶን አድራሻቸውን ገጻቸው ላይ እንዳይጽፉ የሚከለክል ደንብ ወጣ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ወዲያው ተነሳ። ተነሳም አልተነሳም፣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለወዳጁ እንዳይነግር መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከባዱን ነገር ሳላነሳ ግን ይሄን ጽሑፍ ብጨርስ ይከብደኛል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተሰራጭቶ ነበር፣ ልጃቸው ፖስቶቹን ደጋግሞ ሪፖርት አድርጎ እንደነበርና አንዱ ፖስት ደንብ ይጥሳል የሚል መልስ የመጣው አባቱ ከሞቱ በኋላ እንደሆነ ይናገራል፣ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2022 ናይሮቢ ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፣ ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት አይመለከተውም ብሎ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሏል። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። እኔ የምለው በዛው ከተማ እንደሚኖር ሰው ነው። እኛ ነን እዛ መድረክ ላይ የነበርነው፣ ያን ሰሞን እኔም ስክሮል አደርግ ነበር። ከድርጅቱ ሾልከው በወጡ ሰነዶች እንደታወቀው ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የንዴቷን ኢሞጂ ጨምሮ ከላይክ ውጭ ያሉትን ሪአክሽኖች የአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይቆጥር ነበር፣ የንዴቷን ወደ ዜሮ ያወረደው በ2020 ነው፣ ማለትም እስከዛ ሰው ባናደድክ ቁጥር ማሽኑ ይገፋልህ ነበር። እና የሚያናድደው በአማርኛ ሲሆን፣ በቅኔ፣ በሰምና ወርቅ፣ አንድ ሰፈር ብቻ በሚያውቀው ስድብ ሲሆን፣ ሌላ አገር ያለ ማሽን ምኑን ያውቀዋል?

እኛ ያለንበት ሰርቨር ትንሽ ነው። የተከለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የተማረ ጓደኛዬ ነው፣ ጠባቂዎቹ እሱና እኔ እና አንዲት የአማርኛ መምህርት ነን። ባለፈው ወር አንድ ሰው ላይ ላዩን ተረት የሚመስል ነገር ለጠፈ፣ መምህርቷ አንዴ አንብባ ይሄ ስድብ ነው፣ የእነ እከሌን ዘር ነው የሚሰድበው አለች፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወረደ፣ ሰውየውንም ጽፈን አናገርነው፣ ይቅርታ ጠየቀ። በሩብ ሰዓት። ይሄን ያደረግነው ከትልልቆቹ ስለምንበልጥ አይደለም፣ ቋንቋው ስለገባንና ሰው ስለሚያገኘን ነው።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ባዶ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ ትልቁ መድረክ ላይ ሺህ ሰው የሚያየውን እዚህ ሰላሳ ሰው ያየዋል። ሰርቨር ስትቀይሪ ተከታይ ይከተልሻል እንጂ የድሮ ፖስቶችሽ አይከተሉሽም። ክፍት መሆኑ ክፉ ሰው አያስቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የጥላቻ ንግግር መናኸሪያ በመሆን የሚታወቀው ጋብ የሚባል መድረክ የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ተጠቅሞበታል፣ ያኔ አብዛኞቹ ሰርቨሮች መስመራቸውን ከሱ ጋር ቆረጡ፣ ማንም ማስገደድ አላስፈለገውም። የኛው ጓደኛ ቢሰለቸውና ሰርቨሩን ቢዘጋውስ? ስለዚህ ፓስወርዱና ባክአፑ በሦስት ሰው እጅ ነው ያለው። የሰርቨር ኪራይ ደግሞ በዶላር ነው፣ እኛ ያለን ካርድ ውጭ አይሰራም፣ ጀርመን ያለው የጓደኛዬ ወንድም ይከፍልልናል እኛ እዚህ እንደ ዕቁብ በወር እያዋጣን ለእናታቸው በብር እንሰጣለን።

ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ማስቶዶንም አብሮ ነው የሚጠፋው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክም ቴሌግራምም ቲክቶክም ዩቲዩብም ተዘግተው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ ቪፒኤን ነበር መፍትሄያችን፣ በዚያው ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ግን ቪፒኤንም ምንም አልረዳንም። ለዚህ አፕ መቀየር መድኃኒት አይሆንም፣ ይሆናል ብሎ የሚነግራችሁን አትስሙት። ያኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር የስልክ ቁጥር ዋጋን ነው፣ መማሬን ረስቼ እንጂ። ሌላው የጥቅል ነገር ነው፣ የሶሻል ሚዲያ ጥቅል የሚገዛ ሰው ለኛ ሰርቨር ከመደበኛው ዳታ ነው የሚቆረጥበት፣ ለተማሪ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ፎቶዎቼን አሳንሼ ነው የምለጥፈው።

ሁላችሁም ነገ ውጡ አልልም። ገጽ ላይ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ፣ ደንበኞቿ እዛ ናቸው፣ ውጪ ብላት ልጆቿን ምን ታበላለች። ቴሌግራም አለን አይደል ወይ ለምትሉኝም፣ ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ እኔም አለሁበት፣ ግን ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ እንጂ ሰርቨሩ ክፍት አይደለም፣ ቻናላችሁን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ መትከል አትችሉም። ቢያንስ ግን ዛሬ ማታ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳታችሁን አውርዱ፣ ከዛ በየቀኑ ከምታወሯቸው ሰዎች ውስጥ ስልካቸው የሌላችሁን ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር ያለቀስኩበት ቁጥር ነው።

የጎርጎራው አባት ማስቶዶን አልገቡም፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ አዲስ ነገር መልመድ አልፈለጉም። አሁን በስልክ ነው የምናወራው፣ ፎቶውን በልጅ ልጃቸው ስልክ እልክላቸዋለሁ፣ አይተው ይደውሉልኛል፣ የሚሉትን በራሳቸው ቃል ከፎቶው ስር እጽፈዋለሁ፣ ስማቸውን አትጻፊ ስላሉኝ «ከጎርጎራ» ብቻ ብዬ። ፎቶውን ለማየት አካውንት አያስፈልግም፣ ሊንኩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ለአሳ ሻጩም ልጅ እዛው ቆሜ ከፈትኩለት፣ የራሱን ጀልባ አገኘው።

መግባት ለምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት ከ9 ሰዓት ጀምሮ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ሐይቁ ዳር ያለው ቡና መጠጫ ነን፣ እኔም ጓደኛዬም መምህርቷም። አካውንት ለመክፈት አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ የድሮ ዳታችሁን ለማውረድ ግን ሰዓት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከቤት ጀምራችሁት ኑ፣ ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጉ፣ እዛ ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው።