ማስተካከያ፦ የዘይቤ ማጠቃለያው ወረቀት ሁለት ቦታ ላይ ስቷል

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ ተማሪዎች እየተቀባበሉት ያለው የዘይቤ (ነገርን በምሳሌያዊ መንገድ የመግለጫ ስልት) ማጠቃለያ ወረቀት፣ ተሸምድዶ ፈተና ላይ ሳይደርስ ቢታረም ይሻላል።

«ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ያበራል» የሚለውን ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱን ነገር በቀጥታ ሌላ ነገር ነው የሚል) ብሎታል። አይደለም፣ አነጻጻሪ (ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በ«እንደ» የሚያመሳስል) ነው። «እንደ» ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች እኮ! ተለዋጭ የሚሆነው «ጣና መስታወት ነው» ስትሉ ነው። ደግሞ «እንደ» ባየ ቁጥር አነጻጻሪ ብሎ የሚያከብ አለ፤ «ይህ ታንኳ እንደዚያኛው ረጅም ነው» ውስጥ ግን ምንም ዘይቤ የለም፣ ታንኳን ከታንኳ ጋር መለካት ብቻ ነው። «ጢስ ዓባይ» የሚለውን ስም እዩት፦ ፏፏቴው የሚረጨውን የውሃ ብናኝ በቀጥታ ጢስ ስላለው፣ ያለ አንዳች «እንደ» ጥርት ያለ ተለዋጭ ነው (ክረምት ላይ ሄዶ ያየ ይገባዋል)።

ሁለተኛው ይብሳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ግነት (ነገርን ከልክ በላይ አግዝፎ መናገር) ተብሏል። ምኑ ነው የተጋነነው? ወንዙ ሲሞላ ግንድ ይዞ መሄዱ እውነት ነው። ዘይቤው ያለው ዓባይ ማደሪያ እንዳጣ ሰው መቆጠሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰውኛ (ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ የሚሰጥ) በሉት። ስለ እንቶኔ (የሌለን ሰው ወይም ግዑዝ ነገርን እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር) እና ስለ ምጸት (የሚፈልጉትን በተቃራኒው መናገር) የተጻፈው ልክ ነው፣ አትንኩት።