ስፔትስናዝ የአንድ ጦር ስም አይደለም

አንድ ጽሑፍ ስፔትስናዝን፣ ማለትም በጋራ ስማቸው የሚጠሩትን የሩሲያ ልዩ ኃይሎች፣ በጅምላ ከአሜሪካው ልዩ ኃይል ዴልታ ፎርስ ጋር ማወዳደሩ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የሶቪየት ወታደራዊ መረጃ ስፔትስናዝ ዋና ሥራው ከጠላት ጀርባ ገብቶ የኔቶን የኑክሌር መሣሪያዎች ማደን ነበር። በብርጌድ የተደራጀ ነው፤ የግዳጅ ምልምሎችም ነበሩበት። ለዴልታና ለእንግሊዙ ኤስኤኤስ የሚቀርበው በ1974 የሶቪየቱ የስለላና የደህንነት መሥሪያ ቤት ኬጂቢ ያቋቋመው ፀረ-ሽብር ቡድን አልፋ ነው።

ታጋች በማስለቀቅ እንለካቸው ከተባለ ደግሞ በ2002 ታጣቂዎች ተመልካቾችን ያገቱበትን የሞስኮ ዱብሮቭካ ቲያትር እንይ። ኮማንዶዎቹ አዳራሹን በማደንዘዣ ጋዝ ሞልተው ገቡ፤ ታጣቂዎቹንም ጨረሷቸው። ሐኪሞቹ ግን ጋዙ ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች በጀርባቸው ተንጋለው ውጭ ተደረደሩ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ከ120 በላይ ታጋቾች አለቁ፣ አብዛኞቹ በጋዙ። ይህ የወታደሩ ድክመት አይደለም፤ ምስጢርን ከሰው ነፍስ ያስቀደሙ አለቆች ጥፋት ነው። አሁንም ያንገበግበኛል።

በጀግንነት በኩልማ ማንም አይበልጣቸውም። በ2004 በሩሲያዋ ቤስላን ከተማ ትምህርት ቤት ታጋቾችን ሲያስለቅቁ ከአልፋና ከሌላው ልዩ ቡድን ከቪምፔል 10 ሰዎች ወደቁ። ከነሱ አንዱ አንድሬይ ቱርኪን ነው፤ ታጋቾቹን ለማዳን የእጅ ቦምብ ላይ ተኛ። ጽሑፉ ስለሱ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ ነበረበት።