ከሞተ በኋላ ፍጥነት የጨመረው ፒቸር

በዚህ አሜሪካ በሚባል አገር የድሮ ቤዝቦል ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አድናቂን ያህል የማከብረው ሰው የለም፣ ሙድ እየያዝኩ አይደለም የምሬን ነው። ዳኛ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሐኪም ኤክስሬይ ተነሳ ይላል፣ የድሮ ፒቸር አድናቂ ግን እናቱ ሳትወለድ ጡረታ የወጣ ሰውዬ የወረወራት ኳስ በሰዓት ስንት ማይል እንደበረረች ያለ ምንም መሣሪያ ቁጭ አድርጎ ይነግርሃል፣ ያንተ ድርሻ ቢራህን ይዘህ ራስህን መነቅነቅ ብቻ ነው።

እኛ የዲሲና የሜሪላንድ ነዋሪዎች ደግሞ የታደልን ነን፣ ምክንያቱም የሁሉም አውራ የሆነው ዋልተር ጆንሰን የኛው ሰፈር ሰው ነው። ስሙ አዲስ ከሆነብህ ቤተሳይዳ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሃይስኩል አለ፣ ምናልባት ልጅህን ጠዋት ጠዋት እዚያ እያደረስክ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ዓመታት አልፈው ይሆናል። ከካንሳስ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፣ በ1907 ገና በ19 ዓመቱ ዋሽንግተን ሴናተርስ ገባ፣ እስከ 1927 ሌላ ማልያ ሳይለብስ እዚያው ወረወረ፣ ቅጽል ስሙ "ትልቁ ባቡር"። ቁጥሩን ስታየው ሰውየው የምር አስፈሪ ነው። 417 ጨዋታ አሸንፏል፣ ከሱ በላይ ያለው ሳይ ያንግ የሚባል ፒቸር ብቻ ነው። 110 ጊዜ ደግሞ ሙሉ ጨዋታ ወርውሮ ተጋጣሚውን በዜሮ ሸኝቷል፣ ይቺን እስካሁን የነካት የለም፣ ወደፊትም የሚነካት ያለ አይመስለኝም። በመስከረም 1908 ኒው ዮርክ ሄዶ በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ ጀምሮ ሦስቱንም በዜሮ ጨረሰ፣ 3 ለ0፣ 6 ለ0፣ 4 ለ0፣ መሃል ላይ ያረፈባት አንዷ ቀን እሁድ ስለነበረች ነው፣ ያኔ እዚያ እሁድ መጫወት ክልክል ነበር። ያኔ ዕድሜው 20 ነው።

እንግዲህ ለተራ ሰው ይሄ በቂ ነው። ለአድናቂ ግን ምኑ ይበቃል!

ዋናው የፍጥነቱ ነገር ነው። በ1917 ብሪጅፖርት ኮኔቲከት ያለ የጥይት ላቦራቶሪ ወስደው በጥይት መለኪያ ማሽን ለኩት፣ በሴኮንድ 134 ጫማ ወጣ፣ ወደ ማይል ሲቀየር በሰዓት 91 ማይል ገደማ ማለት ነው። ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ፍጥነት ነው፣ ምናልባትም የሚስተካከለው አልነበረም። ለአድናቂው ግን 91 ስድብ ነው፣ የዛሬ ልጆች 95 እየወረወሩ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ዘመን ላይ እንዴት ተብሎ 91 ይነገራል? ስለዚህ ጭማሪ ይጀመራል። ያኔ የተለካው መጨረሻው ላይ ነው ዛሬ ግን ከእጅ እንደወጣች ነው የሚለካው (ይቺ እንኳ እውነት ናት፣ ጥቂት ማይል ያስጨምራል)፣ ቀጥሎ ትከሻው አልሞቀም ነበር፣ ቀጥሎ የቆመበት ወለል ነው ሜዳ አይደለም፣ ቀጥሎ የዛሬ ጫማ ቢኖረው፣ ቀጥሎ የዛሬ ምግብ ቢበላ፣ የጉልት እናት ቲማቲሙን መዝና ከጨረሰች በኋላ ምራቂ እንደምትጨምረው አንድ በአንድ ጣል ጣል እያረጉ ሲጨርሱ 100 ላይ ገብቶ ቁጭ። ሰውየው ያረፈው በ1946 ነው፣ ኳሱ ግን እስከዛሬ ፍጥነት እየጨመረች ነው። በሕይወት እያለ የጨመረ ፒቸርም አለ፣ ኖላን ራያን በ1974 ተለክቶ 100.9 ነበር፣ ደጋፊዎቹ በዚሁ የሂሳብ ዘዴ አሁን 108 አድርሰውታል።

ማስረጃ ብትል ደግሞ ሞልቷል። ሬይ ቻፕማን የሚባል ባተር (ኳስ መቺ) ሁለት ስትራይክ ካለፈችው በኋላ (ሦስተኛዋ ናት የምታስወጣው) ዱላውን ይዞ ወደ መቀመጫው መሄድ ጀመረ ይባላል፣ ዳኛው አንድ ይቀርሃል ሲለው ለራስህ አድርጋት እኔን አትጠቅመኝም ብሎት እርፍ። ሌላው ደግሞ ኳሷን አላየኋትም ድምጿን ብቻ ነው የሰማሁት አለ ይባላል። በቃ፣ በጆሮ ተለካ። ራዳር የሚባለው ነገር ጆሮ ለሌላቸው ሰዎች የተሠራ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

የሽንፈት አያያዛቸውም ትምህርት ቤት ሊከፈትለት የሚገባ ጥበብ ነው። ጆንሰን 279 ጊዜ ተሸንፏል፣ ይሄን ለአድናቂ ብትነግረው አይቆጣም፣ በሐዘኔታ ነው የሚያይህ። 417ቱን ያሸነፈው ጆንሰን ነው፣ 279ኙን የተሸነፈው ቡድኑ ነው፣ ምኑ አልገባህም? እርግጥ ሴናተርስ ለብዙ ዓመት አሳዛኝ ቡድን ነበር፣ ጆንሰን 26 ጊዜ 1 ለ0 ተሸንፎ ወጥቷል ምስኪን፣ እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ግን 38 ጊዜ ደግሞ 1 ለ0 አሸንፏል፣ ያቺን አንድ ነጥብ ማን እንዳመጣት ጠይቅማ፣ ዝም። በ1940 ለኮንግረስ ተወዳድሮም ተሸንፏል፣ እሱንም ወደ ቡድኑ ሂሳብ ሳያዞሩት አልቀሩም።

ደግነቱስ? ዝንብ አይነካም ነበር ይሉሃል፣ ሰው እንዳይመታ እጅግ ይፈራ ነበር፣ እውነትም ይፈራ ነበር፣ ታይ ኮብ የሚባለው ተንኮለኛ መቺ ይሄን አውቆ ሆን ብሎ ኳሷ ወደምታልፍበት ፕሌት ተጠግቶ ይቆምበት ነበር። ታዲያ እንዲህ እየፈራ በኳስ የመታቸው ሰዎች 205 ናቸው፣ በአሜሪካን ሊግ ታሪክ አንደኛ። ሳይፈራ ቢሆን ኖሮ ሊጉ ተጫዋች አይተርፈውም ነበር ማለት ነው።

የኔ ተወዳጅ ግን የ1924 ነው። የዓመቱ ዋንጫ የሚለይበት ወርልድ ሲሪስ፣ ከጃያንትስ ጋር፣ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ኦክቶበር 10፣ ግሪፊዝ ስታዲየም፣ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ራሱ ቁጭ ብሎ ያያል። ጆንሰን የመጀመሪያውንም አምስተኛውንም ጨዋታ ተሸንፏል፣ ዕድሜው ወደ 37 እየተጠጋ ነው፣ 3 እኩል ሆኖ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) ተቀይሮ ገባና አራት ኢኒንግ አንድ ነጥብ አላስገባም፣ እዚህ ድረስ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። አስራ ሁለተኛው ላይ ነው ጉዱ፣ የሴናተርሱ ሙዲ ሩል ቀጥ ወደ ላይ የላካትን ኳስ የጃያንትስ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀልበው) ሊቀልባት ሲሮጥ ራሱ የወረወረውን ማስክ ረግጦ ተደናቀፈና ጣላት፣ ሩል በተረፈችው ዕድል መትቶ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ፣ ቀጥሎ ጆንሰን የመታትን ሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆመው) አበላሻት፣ ከዚያ ኧርል ማክኒሊ መሬት ለመሬት የሰደዳት ኳስ ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ ጠጠር መትታ ከጃያንትሱ ሊንድስትሮም ጭንቅላት በላይ ነጥራ አለፈች፣ ሩል ገባ፣ 4 ለ3፣ ከተማዋ አበደች። አንድ ማስክ፣ አንድ የተበላሸ ኳስ፣ አንድ ጠጠር። አድናቂው ሲተርክልህ ግን ማስኩም የለ ሾርትስቶፑም የለ ጠጠሩም የለ፣ ያለው ጆንሰን ብቻ ነው። እኔ ብሆን ለዚያች ጠጠር ኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል ሙዚየም ውስጥ ሐውልት አቆምላት ነበር።

ይሄ ሁሉ የሆነበት ሜዳ ዛሬ የለም፣ በ1965 ፈርሶ ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው ያለው፣ ጆርጂያ አቬኑ፣ ከ9ኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወክ ታደርገዋለህ። እዚያው ሜዳ ላይ በ40ዎቹ የሆምስቴድ ግሬይስ ጥቁር ተጫዋቾች ይጫወቱ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ ጆሽ ጊብሰን የሚባል መቺ ነበር። ጆንሰን ሊጉ ውስጥ በኖረበት 21 ዓመት በሊግ ጨዋታ አንድም ጥቁር ባተር አልገጠመውም፣ አይፈቀድማ፣ እስከ 1947 ድረስ አልተፈቀደም። አድናቂው ይቺን ጉዳይ በጣም በጨዋነት ነው የሚያልፋት፣ "በዘመኑ የነበረውን ሁሉ አስጨርሷል" ይልሃል፣ በዘመኑ የነበረው ሁሉ ማለት ሜዳ እንዲገባ የተፈቀደለት ሁሉ ማለት መሆኑን ለምን ብሎ ይነካካዋል። የሚገርመው ጆንሰን ራሱ በ1939 ጊብሰንን አይቶ 200 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ተጫዋች ነው፣ ግን ጥቁር መሆኑ ያሳዝናል ማለቱ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። አነጋገሩን እንደፈለግክ ፍረደው፣ ቢያንስ ሰውየው ያየውን አይቷል። በ2024 ሜጀር ሊግ የኔግሮ ሊጎችን (ያኔ የተከለከሉት ጥቁሮች የተጫወቱባቸውን) ቁጥር ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ ጊብሰን በመምታት አማካይ በ.372 ከታይ ኮብ በላይ አንደኛ ሆነ፣ ያኔ የድሮ ዘመን አድናቂ ሁሉ በአንድ ሌሊት የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ጨዋታው ትንሽ ነው፣ መዝገቡ አስተማማኝ አይደለም፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥንቃቄ! ኳስን በጆሮ የለካ ሰው ነው እኮ ይሄን የሚለው።

ስለዚህ ወገኔ፣ ናሽናልስ ፓርክም ሆነ ሰፈርህ ባር አጠገብህ የተቀመጠ ሽማግሌ ጀርባህን መታ መታ አድርጎ ስለ ትልቁ ባቡር ከጀመረልህ እንዳትከራከር፣ ላቦራቶሪ ምናምን ብለህም ቀኑን እንዳታበላሽበት። 98 ካለህ አንተ 100 በለው፣ ፊቱ ሲበራ ታየዋለህ፣ ቀጣዩን ቢራ እሱ ነው የሚጋብዝህ። ብቻ ከ105 አታሳልፋት፣ ከዚያ በላይ ካልክ እያሾፍክበት እንደሆነ ይነቃብሃል።